ጨጓራ አልነበረም

ይድረስ ለቲጂዬ፣

እንዴት ነሽ? ልጆቹስ? ዓመት ከምናምን ጠፋሁብሽ። ስልክሽ ሲጠራ እያየሁ ያላነሳሁበት ቀንም አለ፤ አልዋሽሽም። ሲያስመልሰው ውሎ ሲያስመልሰው የሚያድር ሰው ምን ብሎ ያወራል?

ያ «ጨጓራዬ» የምለው ነገር ትዝ ይልሻል? አንቺ ተልባ አልሽኝ፣ እማዬ ፌጦ፣ ሐኪሙ ኦሜፕራዞል። የኤች ፓይሎሪውንም መድኃኒት ሁለት ዙር ጨረስኩ። በርበሬ ተውኩ። ቡና እንኳ ተውኩ! እሱ ግን ባሰበት። በኋላማ ሦስት ጉርሻ ስበላ ጥግብ፤ ማታ ደግሞ የጠዋቱን ፍርፍር እንዳለ መመለስ። ለካ ምግቡ ወደ አንጀት አያልፍም።

አንድ ሌሊት ሆዴ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ድንገተኛ ክፍል ገባሁ። በአፍንጫዬ ቱቦ ከትተው ሁለት ሊትር ያህል ቀዱልኝ። ጠዋት ሲቲ ስካኑን ያየው ሐኪም መጣና «ጣፊያሽን በኦፕራሲዮን አውጥተሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ። በቦታዋ የለችማ! ፈልገው ፈልገው ከእምብርቴ በታች አገኟት።

ጣፊያ በግራ በኩል፣ ከጎድን አጥንት ሥር ነው የምትቀመጠው። ከጨጓራና ከኩላሊት ጋር የሚያያይዟት ጅማቶች አሉ። የኔዎቹ ላልተዋል። ከተፈጥሮዬ ይሁን ከወሊድ በኋላ የታወቀ ነገር የለም። እሷ ወደ ታች ስትንሸራተት ጨጓራዬን ይዛው ትወርዳለች፤ እሱም ይጠማዘዝና መውጫው ይታጠፋል። በዚያ ላይ የደም ሥሯ እንደ ገመድ ተጠምዝዟል። ዕድሜ ልካችንን «ቆሽቴ አረረ» ስንል ጣፊያን ማን አስታወሳት?

ከኦፕራሲዮኑ በፊት ሐኪሙ ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። «ደም እየደረሳት ከሆነ ቦታዋ መልሰን እንሰፋታለን። ከሞተች እናወጣታለን።» ከወጣች የሳንባ ምችና የማጅራት ገትር ክትባት አለ፤ ትኩሳት በተሰማኝ ቁጥር ወደ ሐኪም መሮጥ አለ። ወባም ይከብደኛል። ይህን ሲለኝ አርባ ምንጭና አንቺ ናችሁ ፊቴ ድቅን ያላችሁት። የትኛውን ሆኜ እንደምነቃ ሳላውቅ ፈረምኩ።

ስነቃ «አለች?» አልኩ። ነርሷ «ማን? እናትሽ? ውጪ ናት» አለችኝ። አይ ያቺ ልጅ!

አለች። የተጠመዘዘውን ሲፈቱላት ጠቁራ የነበረችው ቀስ በቀስ ቀላች አሉኝ። በመረብ ከረጢት ከትተው ላይኛው ቦታዋ ሰፏት። ጨጓራዬንም ዳግም እንዳይዞር ከሆዴ ግድግዳ ጋር አያያዙት። የቁስሉ ሕመም ቀላል አልነበረም፤ ስስቅ ትራስ ሆዴ ላይ ይዤ ነበር። መጀመሪያ አጥሚት፣ ከዚያ ገንፎ፣ ከዚያ ለስለስ ያለ ነገር።

ባለፈው እሑድ አንድ ሙሉ እንጀራ በሽሮ በላሁ፤ ከነበርበሬው። እማዬ በር ላይ ቆማ እስክጨርስ ታየኝ ነበር። ሳህኑን ያነሳችው እያለቀሰች ነው።

ለጥምቀት እመጣለሁ። አጎበር አዘጋጂልኝ። ተልባሽን ግን ራስሽ ጠጪው።

ያንቺዋ
ሰላም