የእብድ ውሻ በሽታ ፔፕታይድ፦ ቫይረሱ ከመግባቱ በፊት ወይስ በኋላ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ነርቭ ሴል ውስጥ እንዳይገባ የሚያግዱ ፔፕታይዶች (አጫጭር የአሚኖ አሲድ ሰንሰለቶች) ተስፋ የሚጣልባቸው ናቸው። ይሁንና «ቫይረሱ ታገደ» የሚል ዜና ሲወጣ አንባቢ መጠየቅ ያለበት ፔፕታይዱ መቼ እንደተሰጠ ነው።

ቫይረሱ ጡንቻና ነርቭ በሚገናኙበት ቦታ የአሴቲልኮሊን ተቀባይን (የነርቭን መልእክት የሚቀበል፣ በሴሉ ላይ ያለ ፕሮቲን) የሚይዘው በራሱ በቫይረሱ ላይ ባለው ግላይኮፕሮቲን (ስኳር የተያያዘበት ፕሮቲን) ነው። የዚህ ፕሮቲን አንድ ክፍል ከእባብ መርዝ ጋር እንደሚመሳሰል እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ታውቋል። ያንን ክፍል የሚመስል አጭር ፔፕታይድ ተቀባዩን ቀድሞ ከያዘ ቫይረሱ መያዣ ያጣል። ሆኖም ቫይረሱ የሚይዛቸው ኤንካምና ፒ75 የሚባሉ ሌሎች የነርቭ ሴል ተቀባዮችም ስላሉ አንዱን መዝጋት አይበቃም። ፔፕታይድ ሰውነት ውስጥ በኢንዛይሞች ቶሎ ይቆራረጣል፤ የጡንቻውን ተቀባይ አጥብቆ ከያዘ ደግሞ እንደ እባቡ መርዝ ጡንቻን ሊያሽመደምድ ይችላል።

እናም ሙከራው ፔፕታይዱን ከቫይረሱ በፊት፣ አብሮት እና ከቫይረሱ በኋላ ሴሎች በሚያድጉባቸው የተለያዩ የላብራቶሪ ሳህኖች ላይ ጨምሮ ማነጻጸር አለበት። የእነዚያኑ አሚኖ አሲዶች ቅደም ተከተል አዛብቶ የተሠራ ማነጻጸሪያ ፔፕታይድም ያስፈልጋል፤ ውጤቱ ከቅደም ተከተሉ መምጣቱ የሚታወቀው በዚህ ነው። ፔፕታይድ ብቻውን የተጨመረበት ሳህን ከተዘነጋ ውጤቱ ያታልላል፦ ፔፕታይዱ ሴሎቹን ራሳቸውን ቢገድል ቫይረሱ የቀነሰ ይመስላል። «በፊት» በሚለው ሳህን ላይ ብቻ የሠራ ፔፕታይድ ለተነከሰ ሰው መድኃኒት አይሆንም፤ ቫይረሱ አንዴ ነርቭ ውስጥ ገብቶ ወደ አንጎል ጉዞ ከጀመረ ከሴሉ ውጭ ያለ ፔፕታይድ አያገኘውም።

ቫይረሱን ነርቭ ሳይደርስ የሚይዝ ነገር ግን ዛሬም አለ፤ አንቲቦዲ (ሰውነት ቫይረስን ለመያዝ የሚያመርተው ፕሮቲን) ነው። ከንክሻ በኋላ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ ፖቪዶን አዮዲን የሚባለውን ጀርም ገዳይ መቀባት፣ ሳይዘገዩም ክትባቱን መጀመር ያስፈልጋል። ቆዳው ተበስቶ ከደማ፣ ከሰው ደም የተዘጋጀ ኢሙኖግሎቡሊን (ተዘጋጅቶ የሚሰጥ አንቲቦዲ) በኪሎ 20 ዩኒት ይሰላል፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 1,200 ዩኒት ማለት ነው። ከፈረስ የተዘጋጀው በኪሎ 40 ነው። የሚወጋው ቁስሉ ውስጥና ዙሪያውን ነው፤ ቁስሎቹ ብዙ ሆነው መጠኑ ካነሰ በሳላይን (ንጹሕ የጨው ውሃ) ይቀጠናል። ከክትባቱ ጋር በአንድ ሲሪንጅ ወይም በአንድ ቦታ ከተሰጠ ክትባቱን ያመክነዋል። ክትባቱ ለአዋቂ ትከሻ አካባቢ ያለው የክንድ ጡንቻ ላይ እንጂ መቀመጫ ላይ አይወጋም። ከመጀመሪያው ክትባት 7 ቀን ካለፈ ኢሙኖግሎቡሊን አይሰጥም፤ ሰውነት በዚያን ጊዜ የራሱን አንቲቦዲ ማምረት ጀምሯልና።

ከአክብሮት ጋር፣
የእንስሳትና የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያዎች