ባዶ ዘንቢል

ጎንደር፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ልጆቹስ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ምስጋና ለመድኃኔ ዓለም። እንደ ልጅነታችን ደብዳቤ «ናፍቆትህ ጎድቶኛል» ብዬ እንዳልቀጥል አፈርሁ። አምስት ዓመት ዝም ብሎ የከረመ ሰው ናፈቅሁህ ቢል ማን ያምነዋል? ሥራ በዝቶብኝ ነው እንዳልልህ ደግሞ የአስጎብኚ ሥራ እንዴት እንደከረመ ታውቃለህ። የጠፋሁበትን ምክንያት እነግርሃለሁ፤ ከሥሩ ካልጀመርሁ ግን አይገባህም።

መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ተገኘ ሲባል እኔ ከፋሲል ግቢ በር ቆሜ እንግዳ እጠብቅ ነበር። ብዙም ሳይቆይ እንግዳ የሚባል ጠፋ። ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አዋጁ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብንና መጨባበጥን ከለከለ እንጂ ሰው ሁሉ በቤቱ ይቆለፍ አላለም፤ የሰፈራችን ሰው ግን ራሱን በራሱ ቆለፈ። ባለቤቴ ከደጃፉ ጀሪካንና ሳሙና አስቀምጣ ሳይታጠብ የሚገባ እንዳይኖር ዘብ ቆመች። ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው አስከትዬ ስዞር ኖሬ፣ በሦስተኛው ቀን ግድግዳው አፈጠጠብኝ። ወጣሁ።

ችግሩ፣ እኛ አገር ያለ ጉዳይ የሚሄድ ሰው የለም። «ምነው፣ በደህና ነው?» «ወዴት ነው በዚህ ሰዓት?» ይባላል። ለጠዋቱ ምክንያት አላጣሁም፤ በ44ቱ ታቦት አገር ቤተ ክርስቲያን ተሳልሞ መመለስ ማንንም አያስጠይቅም፤ በሩ ቢዘጋ እንኳ ከሩቅ እጅ ነሥቶ መመለስ ይቻላል። የማታው ነው የቸገረኝ። አንዲት የሰፈር እናት ሲጠይቁኝ «እንዲሁ እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው» ብላቸው ለባለቤቴ ደውለው «ልጄ፣ ሰውየው ጤና ነው?» አሏት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘንቢል ያዝሁ።

ያችን እጀታዋ በሲባጎ የተጠገነችውን የሰሌን ዘንቢል። በውስጧ ምንም የለ። ዘንቢል የያዘ ሰው ሽንኩርት ሊገዛ ነው ተብሎ ይታለፋል፤ ማንም አይጠይቀውም። አንተ ከቶሮንቶ ፎቅህ ላይ ሆነህ «እኛ እንኳ ለመውጣት ምክንያት አያስፈልገንም፣ ጭምብል እንጂ» ስትል የሳቅሁት ለዚህ ነበር።

ከቀሃ ኢየሱስ ተነሥቼ በፋሲል መዋኛ አጥር ሥር አድርጌ ወደ ቁስቋም ዳገት እወጣ ነበር። መዋኛው እንደ ልማዱ ደርቋል፤ ከቀሃ ወንዝ ውኃ የሚገባለት ጥምቀት ሲደርስ ነው። ስንቱን ፈረንጅ እዚያ አቁሜ የዋርካው ሥር ግንቡን እንዴት እንደጨበጠው አሳይቻለሁ! «ዛፉ ግንቡን ያፈርሰዋል ወይስ ደግፎ ይዞታል?» ይሉኛል፤ «ሁለቱንም» እላለሁ፤ ይስቃሉ። ያን ሰሞን የሚስቅልኝ ስለሌለ ለራሴ ብዬው አየሁት። ቀልድ አልነበረም ለካ።

አንድ ያላሰብሁት ነገር ግን መጣ። ሰው ባዶ ዘንቢል ማየት አይችልም። ከዳገቱ መጀመሪያ ላይ፣ ከቆርቆሮ አጥራቸው ደጃፍ በርጩማ አውጥተው የሚቀመጡ አንዲት እማማ ነበሩ። ወደ ላይ ስወጣም ስመለስም ባዶ ዘንቢል ያያሉ። በአራተኛው ቀን ይመስለኛል፣ «አንተ ልጅ፣ ዛሬም አጣህ?» አሉኝ። ሃምሳ ዓመት ያለፈውን ሰው ልጅ ማለታቸው ደስ አለኝ፤ ምን እንዳጣሁ ግን አላወቅሁም። ተነሥተው ገቡና ሁለት ራስ ነጭ ሽንኩርትና በጨርቅ የተቋጠረ ፌጦ ይዘው መጡ። በእጄ አልሰጡኝም። ከመንገዱ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ አስቀመጡና አራት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደው፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው «ውሰድ» አሉኝ። ወሰድሁ። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ብል በእጃቸው ከለከሉኝ፤ ከዚያው እንደቆምሁ እጅ ነሣሁ።

ከዚያ ወዲህ የሌላውም አጥር ተከፈተ። ሎሚ፣ ዝንጅብል፣ ዳማከሴ፣ አንድ ቀን ግማሽ ዱባ። ባለቤቴ «ይህን ሁሉ ፌጦ ማን ይጨርሰዋል?» ትላለች፤ እውነቱን አልነገርኋትም፤ ከገበያ ነው አልሁ። እማማ ድንጋዩን መካከል አድርገው ያወጉኝ ጀመር። የደምቢያ ወባ በ1940ዎቹ ሰው ሲፈጅ ልጅ ነበሩ። ከቆላ ድባ የሚመጣ ዘመድ ሁሉ መርዶ ይዞ ይመጣ እንደነበር፣ ከዚያ በኋላ እዚህ ጎንደር የጤና ኮሌጅ ተከፍቶ ነጭ ካፖርት የለበሱ ወጣቶች በየገጠሩ ሲዞሩ እንዳዩ ነገሩኝ። ይህን ታሪክ ለእንግዳ የማወራው ከወረቀት አጥንቼ ነበር።

እንግዲህ ወደ ጉዳዩ።

የእናንተ ቤት በመንገዴ ላይ ነው። ሰኔ ውስጥ ደውለህ «ዋንዛው አለ?» ስትለኝ «እንዳለ ነው» አልሁህ። አልነበረም። ቤቱን የገዙት ሰዎች ቀድመው ቆርጠውታል፤ አንተ ስትደውል ካየሁት ሁለት ወር ሆኖኝ ነበር። ከአገር ርቀህ፣ ተዘግተህ፣ ድምፅህ እንደዚያ ሆኖ ሳለ እንዴት እነግርሃለሁ? ደብተራችንን በፍሬው ሙጫ የለጠፍንበት ዛፍ ነው። ውሸቴ ለአንድ ቀን በቅቶኝ ነበር፤ አንተ ግን «በል ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ» አልህ።

ከዚያ ነው ስልክህን ማንሣት የተውሁት። ዛሬ ነገ ስል ሌላው ሁሉ መጣ፤ ጦርነቱ፣ የኢንተርኔቱ መጥፋት፤ ለእኔ ምክንያት ሆነልኝ።

በደወልህ ማግስት ተመልሼ ሄጄ ነበር። ሳንቃ የሚወጣውን ሸጠውት፣ አንድ ጉማጅ ከበሩ ፊት ለፊት ለመቀመጫ አጋድመውታል። ዘንቢሌን አጠገቤ አድርጌ ተቀመጥሁበት። ልጣጩ እንዳለ ነው፤ ያቺን ስምህን የቀረጽህባትን ጎን ፈለግሁ፣ አላገኘኋትም። አንድ ልጅ ከግቢው ወጣና «ጋሼ፣ ማንን ፈልገው ነው?» አለኝ።

ስምህን ጠራሁለት። «እዚህ እንደዚያ የሚባል የለም» አለኝና ቆሞ ዘንቢሌን አየ።

ወንድምህ