ከማይጨው እስከ ማርሲኔል፦ ሣጥኖቹ ሳይበተኑ እንድረስላቸው

ሻርለርዋ ከተማ ዙሪያ ባሉት የቤልጂየም የድሮ የከሰል ማዕድን ሰፈሮች፣ የአንድ አዛውንት ቤት ባዶ ሲደረግ ከቁም ሣጥን አናት ላይ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ወይም የጫማ ካርቶን ይወርዳል። ውስጡ ቁጥር የተቀረጸበት የናስ መለያ አለ፤ ቆፋሪው ጉድጓድ ከመውረዱ በፊት መብራት ሲረከብ የሚያስይዘው ነው። ከሥሩ ደግሞ በክር የታሰሩ፣ 6 በ9 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች ይገኛሉ። ጀርባቸው ላይ በእርሳስ «ማካሌ»፣ «ማይ ቼው»፣ «ኳራም 1936» ተብሎ በጣሊያንኛ ተጽፏል። ልጆቹ መለያውን ያውቁታል። ፎቶዎቹ የት እንደተነሱና በውስጣቸው የሚታዩት ሰዎች እነማን እንደሆኑ ግን የሚነግራቸው የለም።

ይህ የድጋፍ ጥሪ አገራችንን ወርረው በኋላ ቤልጂየም ውስጥ ከሰል የቆፈሩ ጣሊያኖች የተዉአቸውን እነዚያን ፎቶዎችና ሰነዶች ከመበተናቸው በፊት በዲጂታል ለመቅዳት፣ ቦታቸውን ለመለየትና በአማርኛ መግለጫ ለመጻፍ ነው።

ባለ ሣጥኖቹ እነማን ነበሩ? መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ተሻግሮ አገራችንን በወረረው የጣሊያን ጦር ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1911 እስከ 1914 የተወለዱ ብዙ የገበሬ ልጆች ነበሩበት። ጥቂት የማይባሉት ከጦርነቱ በኋላም እዚሁ ቀሩ። በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን ሲሸነፍ በምርኮ ወደ ኬንያ፣ ወደ ደቡብ አፍሪካና ወደ ሕንድ ተጋዙ። ሳዮ፣ ማለትም የዛሬው ደምቢ ዶሎ ላይ የነበረው ጦር ሰኔ 26 ቀን 1933 ዓ.ም. እጁን የሰጠው ለቤልጂየም ኮንጎ ጦር ነው። ጎንደር ላይ የነበረው እስከ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ቆይቷል።

ከምርኮ ሲመለሱ የጠበቃቸው የፈረሰ አገርና ሥራ አጥነት ነበር። እ.ኤ.አ. ጁን 23 ቀን 1946 ጣሊያንና ቤልጂየም ሮም ላይ ስምምነት ተፈራረሙ፤ ጣሊያን በሳምንት 2,000 እየተደረገ በጠቅላላው 50,000 ሠራተኛ ትልካለች፣ ቤልጂየም በለውጡ ከሰል ትሸጥላታለች። የዕድሜው ጣሪያ 35 ዓመት ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1911 የተወለደው ዘማች ለጥቂት አመለጠው ወይም ለጥቂት ገባ። ከሚላኖ በባቡር መጥቶ ያረፈው ብዙ ጊዜ ቀደም ሲል የጀርመን ምርኮኞች በኖሩበት የቆርቆሮና የሳንቃ ጎጆ ነው። ዓመታት በምርኮ የቆየ ሰው እንደገና የምርኮኛ ካምፕ አልጋ ላይ ተኛ። አልወርድም ያለው ተይዞ ወደ አገሩ ይመለሳል። የወረደው ደግሞ ከአንድ ሜትር በታች በሆነ የከሰል ንጣፍ ውስጥ በጎኑ ተኝቶ በአየር ግፊት መዶሻ ይሰብራል፤ ክፍያው በቆፈረው መጠን ነው፤ አቧራው ሳንባ ውስጥ ተቀምጦ ከዓመታት በኋላ ሲሊኮሲስ የተባለ የሳንባ በሽታ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 8 ቀን 1956 ማርሲኔል በሚገኘው ብዋ ዱ ካዚዬ ማዕድን፣ 975 ሜትር ጥልቀት ላይ፣ አሳንሰሩ ውስጥ በትክክል ያልገባ የከሰል ጋሪ ወጣ እንዳለ አሳንሰሩ ተነሣ። ጋሪው የዘይት ቧንቧውን፣ የኤሌክትሪክ ገመዱንና የታመቀ አየር መስመሩን በጣጠሰ። ዘይቱ በእሳት ተያያዘ፣ አየሩ እሳቱን አራገበው፣ ጭሱ በየዋሻው ተሰራጨ። 262 ሰው አለቀ፤ 136ቱ ጣሊያኖች ነበሩ።

አቋማችንን በግልጽ እንናገር። ቤልጂየም ውስጥ የደረሰባቸው ግፍ ጦራቸው አገራችን ላይ የረጨውን የመርዝ ጋዝ አይሽረውም፤ የካቲት 12ንም አያስረሳም። ይቅርታ ማሰባሰብ ዓላማችን አይደለም። የማዕድኑ ታሪክ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ እ.ኤ.አ. ከ1946ቱ ባቡር ይጀምራል፤ የእኛ ታሪክ ደግሞ ጠላት በወጣበት ቀን ያበቃል። ሣጥኑ ግን ሁለቱንም አንድ ላይ ይዟል፤ ከተለያዩ ማንም መልሶ አይገጥማቸውም።

የሚለያዩትም እንዲህ ነው። ቤቱ ሲጸዳ መለያውና የራስ ቁሩ ለአካባቢ ሙዚየም ይሰጣል፤ ፎቶው ወደ አሮጌ ዕቃ ገበያ ይሄዳል። ነጋዴው አልበሙን ቀዶ አንድ በአንድ ይሸጣል፤ የተሰቀለ አርበኛ ያለበት ፎቶ የበለጠ ያወጣል። ቅደም ተከተሉ ከጠፋ ደግሞ ጽሑፍ የሌለው ፎቶ አጠገቡ ከነበረው ጽሑፍ ካለው ፎቶ የሚያገኘው መረጃ አብሮ ይጠፋል።

ስለዚህ አሠራራችን የሚጀምረው ሣጥኑን እንዳለ ፎቶ በማንሳት ነው። ከዚያ እያንዳንዱ ነገር በነበረበት ቅደም ተከተል ቁጥር ይሰጠዋል። ጥቁር ወረቀት ላይ የተለጠፈ ፎቶ አይነቀልም፤ ሙጫው የፎቶውን ጀርባ ከነጽሑፉ ይዞ ይቀራል፤ ገጹ ሙሉውን ከላይ በካሜራ ይነሳል። ጓንቱ የናይትሪል መሆን አለበት፣ የጥጥ ጓንት የፎቶውን ጫፍ ይጎትታል። ስካነሩ በ1,200 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 1,200 ነጥብ)፣ በቀለም፣ የፊቱንም የጀርባውንም ጎን ያነባል። ጥቁርና ነጭ ሆኖ ሳለ ለምን በቀለም ለሚል፦ የሐምራዊ ማኅተም፣ የእርሳስና ከዓመታት በኋላ የተጨመረ የእስክሪብቶ ጽሑፍ የሚለዩት በቀለማቸው ነው። የስካነሩ ራስ ሰር ማስተካከያ መጥፋት አለበት። ሰማዩን ሲያነጣ የተራራውን ጠርዝ ይበላዋል፤ ቦታውን የምንለየው ደግሞ ብዙ ጊዜ በዚያ ጠርዝ ነው። አምባ አላጌን የሚያውቅ ሰው ከፎቶው ሌላው ሁሉ ቢደበዝዝ እንኳ በተራራው መስመር ይለየዋል።

ከነጌቲቮቹ የሆምጣጤ ሽታ ያለው ወዲያው ለብቻው ይቀመጣል፤ አሲቴት የተባለው የፊልሙ ፕላስቲክ መበስበስ ጀምሯል፣ የሌላውንም መበስበስ ያፋጥናል። እ.ኤ.አ. የ1930ዎቹ ፊልም ናይትሬት ከተባለው ተቀጣጣይ ነገር የተሠራ ሊሆን ስለሚችል በቀላሉ ይቀጣጠላል፤ ማሞቂያ አጠገብ አይቀመጥም፣ በፖስታም አይላክም።

ቀጥሎ የሰውየው ወረቀት ይፈለጋል። «ፎሊዮ ማትሪኮላሬ» የሚባለው የውትድርና መዝገብ በተወለደበት አውራጃ የመንግሥት ቤተ መዛግብት ይገኛል፤ ሙሉ ስም፣ የልደት ቀንና ቦታ ያስፈልጋል። የቤልጂየሙ የውጭ ዜጎች ፖሊስ ፋይል ደግሞ በብራሰልስ ቤተ መዛግብት አለ። ሁለቱ ሲጋጠሙ የቤተሰብ ትረካ ብዙ ጊዜ ይታረማል፤ አቢሲኒያ ነበር የተባለው ሊቢያ ሆኖ ይገኛል። ሌላም ጥንቃቄ አለ። ወታደሮች በጥቅል የሚሸጡ ፎቶዎችን ይገዙ ስለነበር አንድ ዓይነት ፎቶ በሦስት ሣጥን ውስጥ ከተገኘ ባለቤቱ አነሳው ወይም በቦታው ነበር ብለን አንጽፍም።

ራቁታቸውን እንዲነሱ የተገደዱ ሴቶች ፎቶና የግድያ ፎቶ በይፋ አይለቀቅም። ተቀድቶ ይዘጋል፤ የሚከፈተው ለተመራማሪና ዘመዱን ለሚፈልግ ቤተሰብ ብቻ ነው። በዚህ ላይ አንደራደርም።

የመጀመሪያው ዙር ዕቅድ እስከ 5,000 ፎቶ ነው። አንዱ ገጽ 36 ሜጋ ባይት ገደማ ይይዛል፤ ፊትና ጀርባው ሲደመር በአጠቃላይ 360 ጊጋ ባይት ይሆናል። ሦስት ቅጂ እንይዛለን፤ ሁለቱ በሃርድ ዲስክ በተለያየ ከተማ፣ አንዱ በክላውድ። ዲስክ ሳያስጠነቅቅ ይሞታልና በአንድ ዲስክ መተማመን አይገባም።

የሚያስፈልገው 6,800 ዩሮ ነው። ከዚህ 1,000 ነጌቲቭም ለሚያነብ ስካነር፣ 160 ለሁለት ሃርድ ዲስኮች፣ 1,500 ለ5,000 የፖሊስተር ከረጢቶች፣ 900 አሲድ ለሌላቸው 60 ሣጥኖች፣ 40 ለጓንት ይውላል። ከረጢቱና ሣጥኑ ለቤተሰቦቹ በነጻ ይሰጣል፤ ኦሪጅናሉ የእነሱ ነው፣ ተመልሶ ፎቶ የሚጎዳው ፒቪሲ ፕላስቲክ ውስጥ ከገባ ግን ድካማችን ግማሽ ይሆናል። የድሮ የጣሊያንኛ የእጅ ጽሑፍ ለሚያነብ ባለሙያ 1,800፣ ለሰነድ ቅጂ 400 ይከፈላል። የቀረው 1,000 ገበያ ላይ የወጣ ያልተቀደደ አልበም ሲገኝ ለመግዛት ነው። የተነጠለ የግድያ ፎቶ አንገዛም፤ ገበያውን ያደራል። ሂሳቡ በየሦስት ወሩ ከደረሰኝ ጋር ለለጋሾች ይቀርባል።

አንድ ዩሮ ከሃምሳ ሳንቲም አምስት ከረጢት ይገዛል፤ 15 ዩሮ አንድ ሣጥን። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የምትልኩ ወገኖች በማኅበራችሁ ወይም በዕድራችሁ አጠራቅማችሁ በአንድ ጊዜ ብትልኩ ይሻላል፤ ትንንሽ መጠን ሲላክ የማስተላለፊያ ክፍያው ይበላዋል።

ከገንዘቡ እኩል ዓይናችሁን እንፈልጋለን። «ሌኬምቲ» ነቀምት መሆኑን፣ «ኳራም» ኮረም መሆኑን ጣሊያናዊው የልጅ ልጅ አያውቅም። ትግራይን፣ ወሎን፣ ጎንደርን፣ ወለጋን በደንብ የምታውቁ፣ በተለይ ዕድሜ የጠገቡ አባቶችና እናቶች ያሏችሁ፣ ፎቶዎቹን በስልክ ሳይሆን በትልቅ ስክሪን አሳዩአቸው፤ የገበያ ቦታ፣ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት፣ የወንዝ መታጠፊያ ስም ሲጠሩ በአፋቸው እንዳለ ጻፉት።

ቤልጂየም፣ ሰሜን ፈረንሳይ ወይም ጣሊያን የምትኖሩ፣ ጎረቤታችሁ የአያቱን ቤት ሊያስረክብ ከሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁት። ካርቶኑን ካገኛችሁ ክሩን አትፍቱት፣ ፎቶዎቹንም አትደርድሯቸው፤ እንዳለ ደረቅ ቦታ አስቀምጡና አሳውቁን።