ልጄ፣ የዱባይን ታክሲ እንዲህ ያዢው

ደሴ፣ ሸዋበር

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

አሰላሙ አለይኩም። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ብርዱ ብቻ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ቤት ገብቶብናል። ከጓደኛሽ ጋር ዱባይን ልትጎበኚ ነው ሲባል እናትሽ ስለ ልብስሽ፣ እኔ ስለ ታክሲ ማሰብ ጀመርን። የእሷን በስልክ ትሰሚዋለሽ። የኔን እዚህ አንብቢው፤ ፎቶ አንሥተሽም ስልክሽ ላይ ያዢው።

ሰው ሁሉ «ሹፌሩ እንዳያታልልሽ» እያለ ይመክርሻል። እኔ በዚህ አልስማማም። የዱባይ ሕጋዊ ታክሲ ቆጣሪ አለው፤ ታሪፉን የሚያወጣው የከተማው የመንገድና ትራንስፖርት ባለሥልጣን ነው። እንደኛ ባጃጅ ኮንትራት «በስንት ትወስደኛለህ» ተብሎ መከራከር የለም። እዚያ የሰው ገንዘብ የሚያልቀው አድራሻውን ሳያጠራ ስለሚሳፈር ነው። ስለዚህ ጭንቀትሽን ከዋጋው ላይ አንሥተሽ አድራሻው ላይ አድርጊው።

ደሴ ላይ «ከመስጊዱ አለፍ ብሎ፣ ቧንቧ ውሃ ሳይደርስ» ብትይ ባለባጃጁ ይገባዋል። የዱባይ ሹፌር አብዛኛውን ጊዜ ከፓኪስታን፣ ከህንድ ወይም ከባንግላዴሽ የመጣ ሰው ነው፤ እንደ አንቺው እንግዳ ሆኖ ከተማውን የተማረ። የሆቴሉን ስም ብቻ ነግረሽው ዝም ካልሽ፣ ያው ስም ያለው ሌላ ቅርንጫፍ ሊወስድሽ ይችላል። አንዱ ዴይራ ሲሆን ሌላው በር ዱባይ ይሆናል፤ ክሪክ የሚሉት የባሕር ወሽመጥ ሁለቱን ሰፈሮች ለያይቷቸዋል። ተሳስተሽ ከተሻገርሽ በድልድይ ወይም በዋሻ ዞረሽ ነው የምትመለሽው፤ ቆጣሪውም ያንን ሁሉ ይቆጥራል። ሹፌሩ አልበደለሽም፤ የነገርሽው ቦታ ወስዶሻል።

ለዚህ መድኃኒቱ «መካኒ» የሚባለው ቁጥር ነው። ዱባይ ውስጥ በየሕንፃው መግቢያ ላይ 10 አኃዝ ያለው ቁጥር በሰሌዳ ተለጥፎ ታያለሽ፤ ቃሉ በዓረብኛ «ቦታዬ» ማለት ነው። ከመነሣትሽ በፊት ለሆቴሉ ጻፊና ቁጥሩን ጠይቂ። ከዚያ በወረቀት ላይ በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል የሆቴሉን ሙሉ ስም፣ ሰፈሩን፣ ቅርቡ ያለውን የሜትሮ ጣቢያ፣ የእንግዳ መቀበያውን ስልክና መካኒውን አስፍሪ። ወረቀት ያልኩሽ ስልክ ባትሪው ስለሚያልቅ ነው። ሹፌሩ መኪናውን ሳያንቀሳቅስ አሳዪው፤ አንብቦ ራሱን እስኪነቀንቅ አትቸኩዪ። ካልገባው ሆቴሉ ጋር ደውሎ ይነጋገር። መኪናው ከተንቀሳቀሰ በኋላ ማረም ውድ ነው፤ ሼክ ዛይድን በመሰለ አውራ ጎዳና ላይ አንድ መውጫ ካለፈሽ ለመዞር ብዙ መንገድ ትሄጃለሽ። «ወራጅ አለ» ብለሽ የትም የምትወርጂበት አገርም አይደለም፤ ሹፌሩ መቆም በተፈቀደበት ብቻ ነው የሚያቆመው።

አሁን ወደ አውሮፕላን ማረፊያው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚያወርድሽ ተርሚናል 1 ነው። ሻንጣሽን ይዘሽ ስትወጪ አዳራሹ ውስጥ ቀረብ ብሎ በለሆሳስ «ታክሲ፣ ታክሲ» የሚልሽን ሰው አልፈሽው ሂጂ። ሕጋዊው ታክሲ ተሳፋሪ ፍለጋ አዳራሽ ውስጥ አይገባም፤ ውጭ ተሰልፎ ይጠብቃል፣ እንደኛው ተራ አስከባሪም አለው። መኪናው ክሬም ቀለም ሲሆን ጣሪያው ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ ወይም ሌላ ቀለም ይሆናል። የጣሪያው ቀለም የትኛው ኩባንያ እንደሆነ ይነግርሻል እንጂ ዋጋውን አይለውጠውም። ሮዝ ጣሪያ ያለው ሴት የምትነዳው፣ ለሴቶችና ለቤተሰብ የተመደበ ነው። ሌሊት ከደረሳችሁ ተራ አስከባሪውን ሮዝ ጣሪያ ያለውን ጠይቁት፤ እናትሽም በዚህ ትረጋጋለች።

ከአውሮፕላን ማረፊያ ስትሳፈሪ ቆጣሪው ከ25 ድርሃም ይጀምራል። አትደንግጪ፣ የዚያ ቦታ መነሻ ዋጋ ነው። ከተማ ውስጥ መንገድ ላይ ስትይዢ ግን መነሻው 5 ድርሃም ገደማ ነው፤ ሆኖም ጉዞሽ የቱንም ያህል ቢያጥር ከ12 ድርሃም ገደማ በታች አትከፍዪም። ለአንድ ኪሎሜትር ከ2 ድርሃም ትንሽ አለፍ ይላል። እንግዲህ አስዪው፦ ዴይራ ያለ ሆቴል 7 ኪሎሜትር ቢርቅ 25 ሲደመር ወደ 16፣ ማለትም 40 ድርሃም አካባቢ ይሆናል። መንገዱ ሲዘጋጋም ቆጣሪው በደቂቃ መቁጠሩን አያቆምም። በተጨማሪ «ሳሊክ» የሚባል የመንገድ ክፍያ አለ፤ መንገዱ ላይ ያለውን የሳሊክ በር ባለፋችሁ ቁጥር እንደ ሰዓቱ እስከ 6 ድርሃም ሒሳቡ ላይ ይጨመራል። መጨረሻ ላይ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ስታዪው ሹፌሩን አትቆጪው። ወደ ሻርጃ የሚሻገር ታክሲም 20 ድርሃም ተጨማሪ አለው፤ ሻርጃ ሌላ ግዛት ነው፣ የመንገዱ መጨናነቅም የታወቀ ነው።

ተርሚናል 1 ሜትሮ አለው፣ ቀዩ መስመር። ቀን ከደረሳችሁና ሻንጣችሁ ቀላል ከሆነ ከታክሲ በጣም ይረክሳል። ነገር ግን ሌሊቱን ሙሉ አይሠራም፤ እሑድ ደግሞ ጠዋት ዘግይቶ ይጀምራል።

ገንዘብ በተመለከተ፣ 1 ዶላር 3.67 ድርሃም ነው፤ ከዓመት ዓመት አይንቀሳቀስም። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ለመጀመሪያው ቀን የሚበቃ 150 ድርሃም ያህል ብቻ መንዝሪ፤ የቀረውን ዴይራ ካሉት የምንዛሪ ቤቶች። ስትመነዝሪ የ5፣ የ10 እና የ20 ድርሃም ኖት ስጡኝ በይ። ለሹፌሩ የ500 ኖት ለ18 ድርሃም ሒሳብ ብትሰጪው መልስ የለውም፤ ከዚያ ሱቅ ለሱቅ ዝርዝር ፍለጋ ነው። ካርድም ይቀበላሉ፣ ግን ካርድሽ እምቢ ቢል ጥሬ ገንዘብ እጅሽ ላይ ይኑር። ጉርሻ ግዴታ አይደለም፤ ሳንቲሙን ብትተዪለት ይበቃል።

የሆቴሉ በረኛ ነገርም አለ። «ታክሲ ጥራልኝ» ስትዪው ጥቁር የሚያምር መኪና ሊያመጣልሽ ይችላል። እሱ ሊሙዚን ነው፤ ሕጋዊ ነው፣ ቆጣሪም ሊኖረው ይችላል፣ ዋጋው ግን ከተራው ታክሲ ይበልጣል። ክሬሙን መኪና እንደምትፈልጊ ግልጽ አድርገሽ ንገሪው፣ ወይም ወደ ዋናው መንገድ ወጥተሽ ያዢ። ስልክሽ ላይ «ካሪም» የሚባለውን መተግበሪያ ብትጭኚ «ሃላ» በሚለው በኩል ይሄው ክሬሙ ታክሲ ይመጣልሻል፤ በጥሬ ገንዘብ መክፈልም ይቻላል። በግርግር ሰዓት ግን የማስያዣው ክፍያ ይጨምራል።

በእኛ አቆጣጠር ከሰዓት 10 ሰዓት ገደማ ባዶ ታክሲ ሲያልፍሽ አትናደጂ፤ ሹፌሮች ፈረቃ የሚቀያየሩበት ሰዓት ነው፣ ወደ ማደሪያቸው ካልሆነ አይጭኑሽም። ያን ጊዜ የገበያ ማዕከሎቹ በር ላይ ያለው የታክሲ ተራ ይሻላል። ከወርቅ ገበያው ወደ በር ዱባይ ለመሻገር ደግሞ ታክሲ አትያዢ። አብራ የምትባለው የእንጨት ጀልባ በ1 ድርሃም በጥቂት ደቂቃ ታሻግርሻለች፤ ንፋሱም ነጻ ነው።

ስትሳፈሪ ከኋላ ተቀመጪ፣ ቀበቶሽን እሰሪ፤ ከኋላም ግዴታ ነው። በሩ ላይ ያለውን የመኪናውን ቁጥር ፎቶ አንሺ፣ ስትወርጂ ደረሰኝ ጠይቂ። ይህ ለክስ አይደለም፤ ዕቃ ብትረሺ ለማግኘት ነው። ዕቃ የሚረሳው ብዙውን ጊዜ ከኋላ ባለው የዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ፣ ሰው ሒሳብ ሲከፍል ነው። መጀመሪያ ሻንጣሽን አውርጂ፣ ከዚያ ክፈዪ። ከተረሳ ወደ ትራንስፖርት ባለሥልጣኑ በ8009090 ደውለሽ የመኪናውን ቁጥር ንገሪያቸው፤ ቁጥሩን ከያዝሽ ፍለጋው ቀላል ነው።

የመመለሻው ቀን የሚያሳስበኝ ሰዓቱ ነው። ዱባይ ከእኛ በ1 ሰዓት ትቀድማለች፤ በዚያ ላይ ቆጠራው ሌላ ነው። ለሆቴሉ «ጠዋት 3 ሰዓት ታክሲ እፈልጋለሁ» ብትዪ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ይቀሰቅሱሻል። የስልክሽን ሰዓት አሳይተሽ ተነጋገሪ። ሹፌሩንም «ኤርፖርት» ብለሽ አትተዪው፣ «ተርሚናል 1» በዪው። ተርሚናል 2 በማረፊያው ሌላ ወገን ነው፤ በእግር አይደረስበትም።

ስትደርሺ በዋትስአፕ አትደውዪ፣ እዚያ ጥሪው አይሠራም። የድምፅ መልእክት ግን ይሄዳል። ሌሊትም ቢሆን ላኪ፤ እናትሽ ሳትሰማው አትተኛም። አብሽሪ።

አባትሽ