አምባሳደርነት ከሹመቱ ዜና በፊትና በኋላ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ስለ አምባሳደሮች የምታወጡት ዘገባ ብዙ ጊዜ ከሹመቱ ተነሥቶ እዚያው ሹመቱ ላይ ያበቃል። ሰውየው ለዚያ ወንበር የበቃበት ሥራም ሆነ ከሹመት በኋላ ያለው ሂደት አይነገርም።

የሙያ ዲፕሎማት አብዛኛውን ጊዜ ከአታሼነት ወይም ከሦስተኛ ጸሐፊነት ይነሣል። በሁለተኛና በአንደኛ ጸሐፊነት አልፎ አማካሪ፣ ቀጥሎም ሚኒስትር አማካሪ ይሆናል። ብቃቱ የሚታየው ግን ገና በጸሐፊነቱ ነው። የጸሐፊ ዋና ሥራው ሪፖርት ነው፤ ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳለ በትክክል ይጽፋል፣ የራሱን ግምገማ ለብቻው ያሰፍራል። ሁለቱን ከደባለቀ የእሱ ግምት የባለሥልጣኑ ቃል መስሎ ይነበባል፤ ዋናው መሥሪያ ቤትም በዚያ ላይ ተመሥርቶ ይወስናል። የታሰረ ዜጋን መጎብኘትና አስከሬን ወደ አገር መላክን የመሰለው የቆንስላ ሥራም አለ። አምባሳደሩ በሌለ ጊዜ ኤምባሲውን በጊዜያዊ ጉዳይ ፈጻሚነት የመራ ሰው ደግሞ ኃላፊነቱን አስቀድሞ ቀምሶታል። ስለ አንድ አምባሳደር ስትጽፉ እባካችሁ እነዚህን ጠይቁ።

እ.ኤ.አ. በ1961 የጸደቀው የቪየና የዲፕሎማቲክ ግንኙነት ስምምነት በአንቀጽ 4 እንደሚለው፣ ላኪው አገር ለሚልከው አምባሳደር አስቀድሞ የተቀባዩን አገር ፈቃድ ማግኘት አለበት። ይህ አግሬማ ይባላል። ተቀባዩ እምቢ ቢል ምክንያት የመስጠት ግዴታ የለበትም። ጥያቄው በምስጢር የሚቀርበውም ለዚህ ነው፤ የዕጩው ስም ቀድሞ ጋዜጣ ላይ ከወጣ በጸጥታ ሊያልፍ የሚችል እምቢታ የአደባባይ ጠብ ይሆናል። ይህን በተለይ አደራ እላለሁ።

ከአግሬማው በኋላ አምባሳደሩ በአገሩ ርዕሰ ብሔር የተፈረመ የሹመት ደብዳቤ ይዞ ይሄዳል። ቅጂውን ለተቀባዩ አገር ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይሰጣል፣ ዋናውን ለዚያው አገር ርዕሰ ብሔር ያቀርባል። በአንቀጽ 13 መሠረት ሥራ ጀመረ የሚባለው፣ እንደ ተቀባዩ አገር አሠራር፣ ዋናውን ሲያቀርብ ወይም መድረሱን አስታውቆ ቅጂውን ሲሰጥ ነው። አሠራሩ ግን ለሁሉም አንድ መሆን አለበት።

የአምባሳደሮች የእርስ በርስ ቅድሚያም የሚቆጠረው ከዚያ ቀንና ሰዓት ነው። ስለዚህ ቀድሞ የደረሰ የትንሽ አገር አምባሳደር ዘግይቶ ከመጣው የኃያል አገር አምባሳደር ፊት ይቆማል። በዘገባችሁ አምባሳደሮችን በአገራቸው ጉልበት ስትደረድሩ ይህ ሥርዓት ይጣሳልና ቢታረም።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ