ውሃው ከሞላ ተመለሺ

አራት ኪሎ፣ ነሐሴ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። የእናትሽ ጉልበት ብርዱን አልወደደውም እንጂ ሌላ ችግር የለም። ክረምቱ ገና አልለቀቀንም። ትናንት ሌሊት ግንፍሌ ወንዝ ሲያጓራ አደረ። እንቅልፍ እንቢ ስላለኝ ተነሥቼ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

ፎቶዎቹን አይቻቸዋለሁ። ለእኔ አልላክሽልኝም፤ የአክስትሽ ልጅ ነው "ጋሼ፣ ይቺን ጀግና እዩልኝ" ብሎ በስልኩ ያሳየኝ። በአንደኛው እዚያ ስኮትላንድ፣ ግሌን ኔቪስ ሸለቆ ካለው የሽቦ ድልድይ ላይ ቆመሻል። አንዱ ሽቦ ለእግር፣ ሁለቱ ለእጅ፣ ከሥር ወንዝ፣ ከኋላ ነጭ ፏፏቴ። እሱስ ይሁን፤ ሽቦው የተዘረጋው ሰው እንዲሻገርበት ነው። እኔን ያስደነገጠኝ ሁለተኛው ነው። ጫማሽን አንገትሽ ላይ አንጠልጥለሽ፣ እስከ ጉልበትሽ ውሃ ውስጥ ገብተሽ ትስቂያለሽ። ከኋላሽ ዳር ላይ አንዲት ልጅ የጫማዋን ማሰሪያ ትፈታለች። ስለ እሷ በኋላ እመለሳለሁ። እናትሽ ይህን ፎቶ አላየችም፤ አንቺም እንዳታሳያት።

ደውዬ ስቆጣሽ ያልሽኝን ታስታውሻለሽ? "አባዬ፣ እኔ የተወለድኩት እኮ ከእነሱ ትልቅ ተራራ ጫፍ አንድ ኪሎ ሜትር ከፍ ብዬ ነው።" ሒሳቡ ልክ ነው። ቤን ኔቪስ 1,345 ሜትር ነው፤ እኛ ቡናችንን የምንጠጣው 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብቻዬን ሳቅኩ፤ በማግስቱም ለጎረቤት ሁሉ አወራሁት። አነጋገሩ የማን እንደሆነ የገባኝ ከቀናት በኋላ ነው። የእኔ ነው። በአሥራ ስምንት ዓመቴ እንዲሁ ነበር የምናገረው።

መጀመሪያ ጂኦግራፊውን እንጨርስ። ሠላሳ አራት ዓመት ያስተማርኩትን ለገዛ ልጄ ካልነገርኩ ለማን ላስቀረው ነው? አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ላይ ናት፤ አንቺ የምትሄጂበት 57 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። የተራራ ክፋት በሜትር ብቻ አይለካም። ቤን ኔቪስ አናት ላይ እ.ኤ.አ. ከ1883 እስከ 1904 የአየር ጠባይ መዝጋቢዎች ይኖሩ ነበር፤ የለኩት ዝናብ በዓመት ከ4,000 ሚሊ ሜትር በላይ ነው። የአዲስ አበባ 1,200 ገደማ ነው፣ ያውም አብዛኛው በክረምት የሚወርድ። የእነሱ ዝናብ ክረምት ከበጋ አይልም። አፈሩ ስስ ነው፣ ከሥሩ ድንጋይ። ያ ጥቁር ረግረግ ደግሞ አንዴ ከጠገበ ጠብታ አይቀበልም፤ የወረደው ሁሉ ወደ ጅረቱ ይሮጣል። ጠዋት ድንጋይ ለድንጋይ ዘለሽ ያለፍሽው ከሰዓት በኋላ ወገብ ይደርሳል። አንቺ የቆምሽበት ቦታ ፀሐይ ሊሆን ይችላል፤ የዘነበው ከበላይ ነው። ደራሽ ውሃ የምንለው ይኸው ነው። ደግነቱ ቶሎ እንደሚሞላ ሁሉ ቶሎ ይጎድላል።

ስለዚህ ውሃው ከሞላ ተመለሺ። ካልሆነም ተቀምጠሽ ጠብቂ።

መስከረም 10 የምትሄዱበትን ቦታ በካርታ አየሁት። የግሎማክ ፏፏቴ 113 ሜትር ይወርዳል፤ ጢስ ዓባይን ሁለት ጊዜ ብትደራርቢው አይደርስበትም። መኪና እዚያ አይገባም፤ በእግር ብቻ ነው። አልዋሽሽም፣ ቀናሁ። ኪንቴይል ላይ "አምስቱ እኅትማማቾች" የሚባሉ ተራሮች እንዳሉ ለእናትሽ ስነግራት፣ እሷና እኅቶቿም አምስት ናቸውና፣ "ረጅሟ እኔ መሆን አለብኝ" አለች። ያን ሰሞን ቀንና ሌሊቱ እኩል ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ግን ቀኑ በየሳምንቱ ግማሽ ሰዓት ገደማ ያጥራል። በታኅሣሥ ሰባት ሰዓት አይሞላም። እኛ ፀሐይዋን እንደ ቤተሰብ ስለምናምናት ሰዓት አናይም፤ አንቺ እዪ። ለመመለሻ ቀን ይትረፍሽ፤ ቀን የሚያልቅበት ሰው ነው ሙሉ ውሃ ውስጥ የሚገባው።

ሳሎን ከቡፌው በላይ ያለውን ፎቶ ታውቂዋለሽ። ካኪ ለብሰን ሦስት ሆነን የቆምንበት። ከእኔ በስተግራ ያለውን ረጅሙን ልጅ "ይሄ ማነው?" ብለሽ ስትጠይቂኝ "ታሞ የሞተ ጓደኛዬ ነው" አልኩሽ። አልታመመም።

ነሐሴ 1967፣ የዛሬ ሃምሳ ዓመት መሆኑ ነው። ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ደብረ ማርቆስ አጠገብ ነበርን። ከገበያ ስንመለስ የጨሞጋ ወንዝ ጠዋት እንደተሻገርነው አልነበረም፤ ቀልቷል። ዝናብ የለም። ጮቄ ተራራ ላይ ግን ሰማዩ ጠቁሯል። አንድ ሽማግሌ አህያቸውን ይዘው ዳር ላይ ተቀምጠዋል። "ተቀመጡ ልጆቼ፣ ይጎድላል" አሉን። እኔ የአራት ኪሎ ልጅ ነኛ! ቀበና ዋኝቼ ያደግኩ! "ይቺን ነው?" አልኩ።

ይቺን ነው። እነዚህ ሁለት ቃላት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አሉ።

ረጅሙ ጓደኛዬ ዋና አይችልም ነበር። ፊቱን አይቻለሁ፤ መግባት አልፈለገም። እኔ ስገባ ግን ብቻውን መቅረት አሳፈረው። መሃል ስንደርስ እጁን ይዤው ነበር። ከዚያ አልያዝኩትም። ለእናቱ "አመለጠኝ" አልኳቸው። አምልጦኝ ይሁን ለቅቄው ይሁን በሃምሳ ዓመት ውስጥ መለየት አልቻልኩም። ሽማግሌው እስኪመሽ አብረውን ሲፈልጉ ዋሉ። በማግስቱ ጠዋት አህያቸውን እየነዱ ሲሻገሩ አየኋቸው። ውሃው የአህያዋን ጉልበት አይደርስም ነበር።

ሠላሳ አራት ዓመት ሰሌዳ ላይ ወንዝ እየሳልኩ አሞላሉን ሳስተምር ይህን ለአንድ ክፍል ተማሪ ነግሬ አላውቅም። እናትሽም የምታውቀው ግማሹን ነው።

አሁን ፎቶሽን መልሰሽ እዪው። ጫማዋን የምትፈታው ልጅ አትስቅም። አንቺ ጎበዝ ነሽ፣ ትሻገሪያለሽ፤ እኔም ተሻግሬያለሁ። አንቺ ዳር ላይ ብትቆሚ ግን እሷም ትቆማለች። ስለዚህ ውሃው ከሞላ ተመለሺ። ይህን እየለመንኩሽ አይደለም፤ እያዘዝኩሽ ነው።

አትሂጂ አላልኩም። ሂጂ። ፊሽካ ግዢ፤ የጭንቅ ምልክቱ በአንድ ደቂቃ ስድስት ጊዜ መንፋት፣ አንድ ደቂቃ ዝም ማለት፣ እንደገና መንፋት ነው። 999 ከደወልሽ መጀመሪያ ፖሊስ፣ ከዚያ የተራራ ነፍስ አድን በዪ። የሚመጡት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ገንዘብ አያስከፍሉም፤ አፍረሽ እንዳትዘገዪ። የወረቀት ካርታና ኮምፓስ ያዢ፤ የስልክ ባትሪ በብርድ ቶሎ ይሞታል። መቀየሪያ ልብስሽን በፕላስቲክ ጠቅልዪ። ሱፍ ልበሺ፤ ጥጥ ከረጠበ ብርድን ገላ ላይ ያጣብቃል። በየት ሄዳችሁ መቼ እንደምትመለሱ ከማይሄድ ሰው ዘንድ ጽፈሽ ተዪ።

ደግሞ ያንን ውክልና አትርሺ። ለንደን ያለው ኤምባሲያችን አረጋግጦልሽ ካልላክሽው የአያትሽ ቤት ጉዳይ አያልቅም። ስንት ጊዜ ነገርኩሽ!

አንዳንዴ ኤዲንብራ የሚለውን ስም ስሰማ 1994 ዓ.ም. ይታወሰኛል። ከዚያች ከተማ ቤተ ክርስቲያን የተገኘው የመቅደላ ታቦት ሲመለስ ሕዝቡ መንገዱን ሞልቶት ነበር። ሦስት ዓመትሽ ነው፤ ትከሻዬ ላይ ሆነሽ ጸጉሬን ጨምድደሽ ይዘሽ "አባዬ፣ እንዳትጥለኝ" ትዪኝ ነበር። ያኔ ጸጉር ነበረኝ።

መስከረም 10 ማታ ስትመለሺ ደውዪ። ሌሊት ቢሆንም ደውዪ፤ ነቅቼ ነው የማድረው።

አባትሽ

እናትሽ በሶውንና ዳቦ ቆሎውን ወደዚያ ለሚመጣ ሰው ሰጥታልሻለች። ጥጥ ነው፣ ለተራራ አይሆንም ብዬ ብከለክላትም ጋቢ ጨምራበታለች። ቤት ውስጥ ልበሺውና ፎቶ ተነሥተሽ ላኪላት።