አቶ ጠራርጌና ቡቺ

ይድረስ ለልጄ፣ እንዴት ነሽልኝ?

ትናንት በስልክ እያወራን የመጥረጊያ ሮቦትሽ አልጋ ሥር ገብቶ ሲቀረቀር «አይዞህ አቶ ጠራርጌ፣ መጣሁልህ» ስትይው ሰማሁሽ። ከዚያ ደንገጥ ብለሽ «አባዬ፣ አበደች እንዳትል» አልሽኝ። ኧረ አላልኩም። እንዲያውም ሰላም በይልኝ ልልሽ ነበር፣ አፈርኩ እንጂ።

ካንቺ የባሰም አለ። እንደ ፈረንጆቹ በ1966 ጆሴፍ ዋይዘንባውም የሚባል የኮምፒውተር ምሁር ኤሊዛ የተባለች ፕሮግራም ሠራ። የሷ ሥራ በአብዛኛው የሰውን ቃል ገልብጣ መልሳ መጠየቅ ነው። «ከፍቶኛል» ካልሻት «ለምን ከፋሽ?» ትልሻለች፤ አለቀ። የሰውየው ጸሐፊ ፕሮግራሟን ሲሠራ ለወራት ስታየው ነበር። ግን እሷው ከኤሊዛ ጋር ጥቂት እንደተጻጻፈች «እባክህ ከክፍሉ ውጣልኝ» አለችው።

ጃፓን ውስጥ ደግሞ አይቦ የሚባሉ የሮቦት ውሾች አሉ። ሶኒ በ1999 መሸጥ ጀመረ፣ በ2006 አቆመ። ኋላ ጥገናውም ሲቀር፣ የተበላሹት ቤተ መቅደስ ተወስደው መነኮሳት ጸሎት አደረሱላቸው። ሥርዓቱ ሲያልቅ ዕቃቸው እየተፈታ ለሌሎቹ መለዋወጫ ሆነ። ይሄን ሳነብ መሳቅ ይሁን ማልቀስ ግራ ገባኝ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ፓሮ ነው። የመርሳት ሕመም ያለባቸው አረጋውያን የሚያቅፉት ሮቦት ነው፤ መልኩ አቆስጣ የሚባለው የባሕር እንስሳ ግልገል። ለምን ድመት አልሆነም? ድመትን ሁላችንም እናውቃታለን፣ የውሸቷን ወዲያው እንነቃባታለን። የአቆስጣ ግልገል ማን አቅፎ ያውቃል? ብልጠት ነው።

ለአቶ ጠራርጌ ማዘንሽን ተይው፣ ያለ ነው። እኔን ያሳሰበኝ ባለፈው ስለ ጓደኛሽ ያልሽው ነው፤ «ከሷ ጋር ማውራት ይደክመኛል፣ ስልኬ ላይ ያለው ማሽን ይሻለኛል» ያልሽው። በሳቅ አለፍኩት እንጂ ከልቤ አልወጣም።

ሰባት ዓመትሽ ሳለ ቡቺ እየበላ ጆሮውን ጎተትሽው። ጥርሱን አሳየሽ። እያለቀስሽ መጥተሽ «ምታልኝ» አልሽኝ። አልመታሁትም። በማግስቱ በረንዳው ላይ ከሱ ራቅ ብለሽ ተቀምጠሽ፣ እጅሽን ዘርግተሽ ስትጠብቂው አየሁሽ። ቶሎ አልመጣም፣ ኩሩ ነው። ብዙ ቆይቶ መጣ። ጣቶችሽን አንድ በአንድ አሸተተ። ከዚያ አገጩን ጉልበትሽ ላይ ጣል አደረገ። አንቺ ትንፋሽሽን እንኳ ውጠሽ ነበር።

አቶ ጠራርጌ እንዲህ አያስጠብቅሽም። ብትረግጪውም አይቀየምም። ወሬኛው ማሽን ደግሞ ይብሳል፤ ያልሽውን ሁሉ «ልክ ነሽ» ይልሻል፣ በእኩለ ሌሊት ብትቀሰቅሺው አይነጫነጭም። ደክሞሽ ስትገቢ ደስ ይላል፣ አልክድም። እኔም አንዳንዴ አወራዋለሁ። ጓደኛሽ ግን የራሷን ቀን ውላ ነው ወዳንቺ የምትመጣው። እስቲ ደውይላት።

ቡቺ አርጅቷል። ጆሮው አይሰማም። ከኋላው ስመጣ እንዳይደነግጥ ወለሉን በእግሬ መታ መታ አደርጋለሁ። የኋላ እግሩን ሲነኩት ያጉረመርማል። ስትመጪ ዘለሽ እንዳታቅፊው። መጀመሪያ መሬት ቁጭ በዪ፣ እጅሽን ዘርጊለት፣ ያሽትትሽ።

ለአቶ ጠራርጌ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

አባትሽ